ቀይ ነጥቧን ያለፈ እጅ

አሰልጣኙ የሞተው በገዛ ኩሽናው ወለል ላይ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት እግሩ አዲስ የብስክሌት ጫማ ውስጥ እንደተጠበቀ ነበር። ጫማው ነጭ ነው፤ ሶሉ ካርቦን፣ ሲያንኳኩት እንደ ሳህን የሚጮህ፣ ከሥሩ ፔዳል ላይ የሚቆለፍ ብረት የተሰካበት። ሟቹ በጉብዝናው ዘመን በአንድ ቀን ሰባት ተራራ ወጥቶ፣ ስምንተኛው ስለጠፋ ብቻ የተመለሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የአንድ ምድጃ ማዕዘን ጣለው ቢባል ማን ያምናል?

ወስፌ አላመነችም።

ወስፌ የወንጀል መርማሪ ናት። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የጫማ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው አይቶ ያለፈውን ነገር ወግታ ስለምታወጣ ነው። ቁመቷ ከበር እጀታ ብዙም አይበልጥም፤ ዓይኗ ግን አንድ ስፌት አይታ ሰፊው ያን ቀን ምሳ መብላት አለመብላቱን ትናገራለች። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ ሦስት አለቆችን በጡረታ ሸኝታለች። አራተኛው፣ አሁን የኩሽናውን በር ተደግፎ ሰዓቱን የሚያየው፣ ማስረጃ በፌስታል መያዝን እንኳ የተማረው ከእሷ ነው።

«መጀመሪያ ተንሸራቶ ነው ብዬ ነበር» አለ አለቃው። «ጫማው ብረት አለው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ጭንቅላቱ ምድጃው ላይ አረፈ፣ አለቀ። ሐኪሙ ግን ደረቱ ላይ የሁለት መዳፍ ሰንበር አገኘ። ተገፍቷል። ገፊዋንም ይዣታለሁ።»

«ገፊዋ?»

«የእህቱ ልጅ። እዚሁ አብራው ነው የምትኖረው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷታል። ‹ሞተህም ቢሆን እሁድ እወዳደራለሁ› ብላዋለች። ይኸው ሞተ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ብስክሌት ስነዳ ነበር ትላለች፤ ያያት ሰው የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጣቢያ እወስዳታለሁ።»

«እስከዚያ ግን ጉዳዩ የኔ ነው።»

«ምን ያደርግልሻል? አልቋል እኮ።»

«ያንተ አልቋል» አለች ወስፌና ጉልበቷን አጥፋ ከሟቹ እግር ሥር ተቀመጠች። ሌላው መርማሪ ሬሳ ሲያይ ከፊት ይጀምራል። እሷ ከእግር ነው የምትጀምረው።

የግራውን ጫማ ማጥበቂያ አላላችና አወጣችው። ከእግሩ አውራ ጣት ሥር፣ ወደ ውስጠኛው ጎን፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል የአጥንት ጉብታ ወጥቷል። ሠላሳ ዓመት ጠባብ ጫማ የሰጠው ሽልማት ነው። ቆዳው ላይ የማጥበቂያው መስመር ቀልቶ ይታያል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ሐኪሙ ጎንበስ አለ። «መስመሩ ቀልቷል ማለት ጫማው ሲጠብቅ ደሙ ይዘዋወር ነበር ማለት ነው። ከወደቀም በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ኖሯል። በጊዜ ቢደረስለት ኖሮ...» አለና ተወው።

«እጁን አይተኸዋል?»

«የቀኝ ሦስት ጣቶቹ ጫፍ ተቃጥሏል። የዛሬ ነው።»

«እግሩስ?»

«እግሩማ እንደ ሕፃን እግር ነው።»

ወስፌ ጫማውን ገለበጠችው። የግራው ሶል ብጉር እንደወረረው ፊት አረፋ አረፋ ሆኗል። የቀኙ ልሙጥ ነው። ውስጡ እጇን ስታስገባ ደረቅ ካርቦን አገኘች፤ የውስጥ ንጣፍ የሚባለው፣ እግር የሚያርፍበት ስስ ስፖንጅ፣ አልነበረም። ንጣፎቹ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሙሉ ናቸው፣ መቀስ አልነካቸውም። ከአጠገባቸው ሁለት ካርቶኖች አሉ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ውስጥ ትንንሽ የሴት ጫማ። በመጨረሻ ወደ ኦቨኑ ዞረች። ሶኬቱን የሟቹ ባለቤት ስትገባ ነቅላዋለች፤ የሙቀቱ ቁልፍ ግን እንደነበረ ሰማንያ ላይ ቆሟል። ሃምሳ የሚለው ቁጥር ጎን አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፣ የጥፍር ቀለም።

«ይህን ቁልፍ የነካ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ» አለች ለፖሊሶቹ። «የሚነካ ካለ ደግሞ ከኔ ጋር ይነካካል።»

*

የሟቹ ባለቤት ሳሎን ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እንደዚያ የተቀመጠችው ካጎነበሰች የማትነሳ ስለመሰላት ነው።

«እትዬ፣ ጫማ ኦቨን ውስጥ ምን ይሠራል?» አለቻት ወስፌ።

«ይጋገራላ። የኔ ኦቨን ዳቦ ካየ ሁለት ዓመቱ ነው። ይሄ አዲሱ ጫማ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ሲለሰልስ እግር ይገባበታል፣ ይጠበቃል፣ አሥር ደቂቃ ሳይነቃነቁ ቁጭ ነው። ሲቀዘቅዝ የእግሩን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የክለቡን ልጆች ሁሉ እዚያች ወንበር ላይ አስቀምጦ ነው የሚሠራላቸው። አንድ እግር በአንድ ጊዜ። ሁለቱን አንዴ ሲያስገቡ ካየ ይቆጣል።»

«ዛሬ ማን ተራው ነበር?»

«እኔ ጠዋት ወጥቻለሁ፣ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። አራት ሰዓት ላይ ደወልኩለት። ኩሽናው ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ወደ ግቢ ወጥቶ ነው የሚያወራው። ‹ቶሎ በይ፣ አንዱን እግር ጨርሼ አንዱ ቀርቷል› አለኝ። የራሱን ይሁን የሰው አልጠየቅኩትም። ስድስት ደቂቃ ስለ መጋረጃ ቀለም አወራን። አምስት ሰዓት ስመለስ እንዲያ ሆኖ አገኘሁት። የመጨረሻ ወሬያችን መጋረጃ ሆነ።»

«ምን ዓይነት ቀለም?»

ባለቤቲቱ ቀና ብላ አየቻት። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃት አልነበረም። «አረንጓዴ። እሱ ግራጫ አለ።»

«አረንጓዴ ይሻላል» አለች ወስፌ።

*

የእህቱ ልጅ በረንዳ ላይ ነበረች፤ አንድ ፖሊስ በግራ አንድ በቀኝ። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው። «እሾህ» ብሎ ስም ያወጣላት ራሱ አጎቷ ሲሆን፣ ስሙ የተጋነነ አይደለም። ወስፌን ስታይ ብድግ ብላ ወደ እሷ መጣች። ግራ እግሯን ታነክሳለች።

«ለምንድነው የምታነክሺው?»

«ስለምራመድ።»

አንደኛው ፖሊስ ሳቁን ዋጠ። ወስፌ አልዋጠችም፣ ሳቀች። «እሺ፣ ቁጭ በይና አታነክሺ። ጉልበትሽ ነው?»

«ትላንት ወደቅኩ። ደብቄው ነበር፣ ጠዋት ደረጃ ስወርድ አየኝ። ‹የተጎዳ ሰው ቁልቁለት አይወርድም› አለ። ሌላ ሕግ የለውም፣ እሷኑ ነው ሃያ ዓመት የደገማት። ከእሁዱ ውድድር ሰረዘኝ። ጮህኩበት፣ ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ።»

«‹ሞተህም ቢሆን› ብለሽዋል።»

«ብየዋለሁ። ክጂ ነው የሚሉኝ?»

«አለቃዬ አላለቀሰችም ይላል።»

«ለአጎቴ የማለቅሰውን ለሱ ላሳየው እንዴ?» አለች እሾህ። «ይሰረኝ። ታስሬም አላደርገውም። ያላደረግኩትን አደረግኩ የምልበት አፍ የለኝም። እኔ እስር ቤት ስቀመጥ ግን አጎቴን የገደለው ሰው እሁድ በፀሐይ ቁጭ ብሎ ውድድር ያያል። እሱን ነው የማልችለው።»

ወስፌ ወደ ኩሽናው አመለከተች። «ኦቨኑ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ የማን ናት?»

«የኔ። ቁልፉ ውሸታም ነው፤ ሃምሳ ሲል ሰማንያ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የአጎቴን አንድ ጥንድ ጫማ እንደ ቅቤ አቀለጥነው። ከዚያ በጥፍር ቀለሜ ምልክት አደረግኩ። ከነጥቧ አንድ ጸጉር ማለፍ የለም። በዚህ ቤት የሚኖር ሁሉ ያውቃታል፤ ድመቷም ሳታውቅ አትቀርም።»

*

የክለቡ መካኒክ ብሎን ይባላል። ከአሰልጣኙ ጋር ሠላሳ ዓመት ተጨቃጭቋል፤ አንድም ቀን ግን አልተኳረፉም። ወስፌ ጋራዡ ስትደርስ አንድ ጎማ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይዞት ቆይቷል፣ ጎማው ምንም አልሆነም።

አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ ጣትዎ ምን ሆነ?»

«ሙጫ አቃጠለኝ። ሦስት ቀን ሆነው። ክፈቺው፣ እዪው።» ፈታችው። ቆዳው ደርቆ መላጥ ጀምሯል። እውነቱን ነው።

«ስለ ጫማዎቹ ይንገሩኝ።»

«ሦስት ጥንድ መጣ፤ የሱ፣ የእሾህና የመብረቅ። መብረቅ ዋናው ተወዳዳሪያችን ነው፤ ከኋላው የሚነዳ ሰው አቧራውን እንጂ ጀርባውን አያይም። የሱና የአሰልጣኙ ቁጥር አንድ ነው፣ አርባ ሦስት። ትላንት ከሰዓት ለሁሉም ካርቶን ካርቶናቸውን ሰጠኋቸው። የአሰልጣኙን ግን እዚሁ ከፍቼ ንጣፉን ቆረጥኩለት።»

«የቱን ንጣፍ?»

«የውስጡን ነዋ። ያንን የእግሩን ጉድ አላየሽውም? ለጉብታው የሚሆን ግማሽ ክብ ቆርጬ መልሼ ጫማው ውስጥ አስገባሁለት። ‹አንተ ብሎን፣ ከሐኪም ትሻላለህ› አለኝ።» መካኒኩ ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ከሐኪም እሻል ነበር እኮ። እዚያ ብኖር ኖሮ።»

*

መብረቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ግድግዳው ላይ ያልተሰቀለ የራሱ ፎቶ ካለ ገና ያልታጠበ ብቻ ነው። በር ሊከፍት ራሱ ወረደ። ቀልጠፍ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ወስፌ ከታች ቆማ ሲወርድ አየችው። በቀኝ እግሩ ሲረግጥ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። በግራው ሲረግጥ ዓይኑ ጫማው ላይ ነው። ሃያ አራት ደረጃ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ።

«ልጅቷን ያዛችኋት?» አለ።

«ለምን? አንተም እሷ ናት ትላለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ተናዳለች ነው የሚባለው። ሰው ከውድድር ሲሰረዝ ይናደዳል።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ተኝቼ። ለእሁድ እያረፍኩ። ጫማዬን ለማስጋገር ተራዬ ከምሳ በኋላ ነበር።» ሳትጠይቀው ካርቶኑን አወጣ። «ይኸው፣ ገና ነው። እሳት አልነካውም።»

ወስፌ የግራውን ጫማ አነሳች። ልሙጥ ነው፣ ቅርጽ አልያዘም። እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ውስጡ አስገባችና ጥቂት ቆየች፤ ዶሮን እንቁላል ይዛ እንደሆነ ለማወቅ እንደሚዳብሷት ዓይነት።

«ጥሩ ጫማ ነው» አለች። «ላውሰው። ከሟቹ ጋር ላስተያየውና አሥር ሰዓት ላይ እሱ ቤት ስንሰበሰብ እመልስልሃለሁ።»

«ውሰጂው፣ ምን ቸገረኝ» አለ መብረቅ። «እሁድ በባዶ እግሬም አሸንፋለሁ። ያለ አሰልጣኝም።»

*

አሥር ሰዓት ላይ ኩሽናው ውስጥ ስድስት ሰው ተሰበሰበ። ኩሽናው ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ለሦስተኛው ማስነጠስ ክልክል ነበር። ባለቤቲቱ ወንበር ላይ፣ ብሎን ከማቀዝቀዣው ጎን፣ እሾህ ከመስኮቱ ሥር ግራ እግሯን ዘርግታ፣ መብረቅ ደረቱን ነፍቶ በሩ አጠገብ። አለቃው ኪሱ ውስጥ ያለውን ካቴና እንደ ሳንቲም ያንኳኳል።

«አንድ ሰዓት ቀርቶሻል» አላት።

«ግማሹን እመልስልሃለሁ» አለች ወስፌ። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱን ጥንድ ነጭ ጫማዎች አሰለፈች። «ከኦቨኑ እንጀምር። ቁልፉ ሰማንያ ላይ ነው። እትዬ፣ ባለቤትዎ ጫማ ሲያሞቁ ስንት ላይ ያደርጉታል?»

«ነጥቧ ላይ ነዋ። ሃምሳ ላይ።»

«ምክንያቱም የዚህ ቤት ቁልፍ ውሸታም ነው። ሰማንያ ካደረጉት ምናልባት መቶ ሃያ ይደርሳል። አሁን ጫማውን እዩ። ከሟቹ እግር የወጣው የቀኙ ጫማ ደህና ነው። የግራው አረፋ አረፋ ሆኗል። አንዱን ያሞቀው የሚያውቅ እጅ ነው፣ አንዱን የማያውቅ። የቀኙን አሰልጣኙ ራሱ ነጥቧ ላይ አሞቀው። የግራውን ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን መመሪያ ያመነ ሰው ነው ያሞቀው። መመሪያው ሰማንያ ይላል። መቼ? አሰልጣኙ ለስድስት ደቂቃ ግቢ ወጥቶ ስለ መጋረጃ ሲያወራ። እንግዲህ አለቃዬ፣ ነጥቧን በገዛ የጥፍር ቀለሟ የቀባች ልጅ ሰማንያ ላይ ታደርገዋለች?»

አለቃው ካቴናውን ማንኳኳት ተወ። «ተናዳ ይሆናላ።»

«በአጎቱ የተናደደ ሰው ጫማ አያበስልም» አለች ወስፌ። «ቀጥለን እግሩን እንይ። ጋሼ፣ ይህ ከሟቹ እግር የወጣ ጫማ ነው። እጅዎን ያስገቡ። ያ ጉብታ የት አለ?»

ብሎን እጁን አስገብቶ ዳበሰ። ፊቱ ተለወጠ። «የለም። ልሙጥ ነው። ይሄ የሱ እግር አይደለም። ሌላ ሰው ነው ያቀዘቀዘው።»

«ጫማ ሙቅ ሳለ የገባበትን እግር ሲበርድ አይረሳም። ይህ ጫማ ሌላ ሰው እግር ላይ በርዶ፣ ከዚያ ነው አሰልጣኙ እግር ላይ የተጠበቀው። ለዚህ ነው የሟቹ እግር ያልተቃጠለው። የተቃጠለው ጣቱ ነው። ለምን? ከግቢ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ሰው ቁጭ ብሏል፣ የግራው ጫማ እግሩ ላይ ነው። ቁልፉን አየ፣ ሰማንያ። ደንግጦ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያዘ፣ ጣቱን ፈጀው። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ግን ፊቱን እንኳ አላኮሳተረም።»

ወስፌ ጫማውን ከብሎን እጅ ተቀበለች።

«አሁን የማን ጫማ ነው ወደሚለው እንምጣ። ጋሼ፣ የአሰልጣኙን ንጣፍ ቆርጠው ጫማው ውስጥ አስገብተውለታል። ጠረጴዛው ላይ ያገኘናቸው ንጣፎች ግን ሙሉ ናቸው። የተቆረጠው የት ሄደ?» ወስፌ ከሁለተኛው ጥንድ፣ መብረቅ ካዋሳት፣ የግራውን አነሳች። ሁለት ጣቷን ሰደደችና ንጣፉን ሳብ አድርጋ አወጣችው። ጎኑ ላይ ንጹህ ግማሽ ክብ ተቆርጧል።

«የኔ መቀስ ነው» አለ ብሎን በቀስታ። «የኔ ሥራ ነው። መብረቅ፣ አንተ ቤት ምን ይሠራል?»

«ተቀያይሮ ይሆናላ» አለ መብረቅ። አንገቱን አልደፋም። «አንተ ነህ የሰጠኸኝ። ቁጥራችን አንድ ነው።»

«ይችላል» አለች ወስፌ። «ጋሼ ተሳስተው የአሰልጣኙን ካርቶን ሰጥተውህ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ንጹህ ነህ። መንገዱ ቀላል ነው። የግራው ጫማ ሥጋ የሚያበስል ሙቀት ነበረው፤ እግሩን የከተተበት ሰው ስስ ካልሲ ነው ያደረገው። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የተቃጠለ ግራ እግር ያለው ሰው አለ። ሁላችሁም ግራ ጫማችሁን አውልቁ።»

አለቃው ዓይኑ በራ። «ታነክሳለች አላልኩም? ግራዋን ነው እኮ የምታነክሰው።»

እሾህ ጫማዋን፣ ቀጥሎ ካልሲዋን አወለቀችና እግሯን አለቃው አፍንጫ ሥር ድረስ አነሳችው። ጉልበቷ በፋሻ ታስሯል፤ እግሯ ምንም የለበትም። «ያሽትቱት ከፈለጉ» አለች።

ብሎንም ቦቱን ጎተተ። ካልሲው ከሶስት ቦታ ተቀዷል። «ይሄን ቀዳዳ ሰዉ ፊት ያወጣሽብኝ አንቺ ነሽ» አለ ወስፌን። ሁለት ጣቶቹ ብቅ ብለው ነበር፤ ከቆሻሻ በቀር ደህና ናቸው።

ሁሉም ወደ መብረቅ ዞረ።

«እኔን እዩኝ» አለ መብረቅ። «እስካሁን ቆሜያለሁ። ሦስት ፎቅ ወርጃለሁ። እስከዚህ በእግሬ መጥቻለሁ። አነከስኩ? የተቃጠለ ሰው እንዲህ ይቆማል?»

«አይቆምም» አለች ወስፌ። «እኔም ከሰዓት ጀምሮ የሚያነክስ ሰው ሳይሆን የማያነክስ ነው የምፈልገው። ደረጃ ስትወርድ ግራ እግርህን በዓይንህ ነው የምታስቀምጠው። ሰው እንደዚያ የሚያደርገው ወይ ሲሰክር ነው፣ ወይ እግሩ መርገጡን አልነግረው ሲል። አልሰከርክም።»

«ላውልቀው ነው የምትይው?»

«ከፈራህ ተወው።»

እንዲህ ተብሎ የተወ ሰው በመብረቅ ዘር የለም። ዓይኑን ከእሷ ሳያነሳ ጎንበስ አለ፣ የግራ ጫማውን ረገጥ አድርጎ አወለቀ፣ ካልሲውን በአንድ እጁ ጎትቶ ወለሉ ላይ ጣለውና እግሩን ወደ ፊት ዘረጋ። «ይኸው» አለ።

ባለቤቲቱ አፏን ያዘች። ብሎን ፊቱን አዞረ። ሐኪም እንኳ ሳይቀር ደጋግሞ የማያየው ነገር ነበር፤ ካልሲው ቆዳውን ይዞት ወጥቷል፣ የቀረው ውኃ ቋጥሯል። መብረቅ ግን ወደታች አላየም። የሰዎቹን ፊት በየተራ አየ፤ እግሩን ያየው በእነሱ ፊት ላይ ነው። ያንን እግር ራቁቱን ማየት ካቆመ ዓመት ሆኖታል።

«አያመኝም» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ወስፌ። «እሱም ዛሬ ጠዋት አወቀ።»

መብረቅ እግሩን አልሰበሰበም። እንደዘረጋው ነው የተናገረው፣ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። «ከዓመት በፊት ወድቄ ወገቤን ተጎዳሁ። ከዚያ ወዲህ ግራ እግሬ የለም። እንዳለ አድርጌ ነው የምነዳው። አራት ውድድር እንደዚህ አሸንፌያለሁ። ‹አይሰማህም?› አለኝ። ምኑ አልኩት። ጣቱን አሳየኝ። ከዚያ ያቺን የተረገመች ቃል አወጣ፣ የተጎዳ ሰው ቁልቁለት አይወርድም። እሁድ ብቻ ቢሆን እሺ። ‹ከእንግዲህ ለዘለዓለም› አለኝ። ‹ፔዳሉ ቢያመልጥህ አታውቀውም፣ ሃያ ልጅ ይዘህ ገደል ትገባለህ› አለኝ። ገፋሁት። ብትፈልጊ ደግሜ እነግርሻለሁ። ገፋሁት።»

«መግደል አላሰብክም።»

«አላሰብኩም።»

«ያን ፍርድ ቤት ይስማህ። እኔ የምጠይቅህ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የራስህን ጫማ አውልቀህ እግሩ ላይ አጠበቅክ፣ ተንሸራተተ እንዲባል። የሱን ካርቶንህ ውስጥ ከተህ ወጣህ። በችኮላ ንጣፉን አላየህም። ማጥበቂያውን ስታጠብቅ ግን ቆዳው ቀልቷል። ደሙ ይሄድ ነበር። ሃያ ደቂቃ ነበረህ፣ ስልኩም የሟቹ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ይዘኸው ግቢ መውጣት ብቻ ነበር የቀረህ።»

ባለቤቲቱ ከወንበሯ ተነሳች። ቀስ ብላ መጥታ መብረቅ ፊት ቆመች።

«ይሞቀው ነበር?» አለችው። «እግሩ። ስትነካው ሙቅ ነበር?»

አንገቱን ያን ጊዜ ደፋ።

አለቃው ካቴናውን አወጣ። ሁለት ፖሊሶች መብረቅን በግራና በቀኝ ያዙት። ሊያነክስለት የሚገባውን እግር ሳያነክስ፣ በዓይኑ እያየ እየረገጠ፣ ደረጃውን ወረደ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነው። ወስፌ ሰዓቷን ለአለቃው አሳየችውና ምንም አልጨመረችም፤ ይህም ለእሷ ትልቅ ትሕትና ነው።

ብሎን አፍንጫውን ጠረገ። «እሁድስ?» አለ እሾህን። «ክለቡ ሁለት ሰው አጣ። አንቺ ነሽ የቀረሽው።»

«የተጎዳ ሰው ቁልቁለት አይወርድም» አለች እሾህ። «ሕጉ የሱ ነው። እሁድ አልወርድም።» ጫማዋን አጥልቃ ተነሳች። «የሚመጣው ዓመት ግን ሞቶም ቢሆን እወዳደራለሁ።»

አሁን ነበር ዓይኗ የሞላው። ቢሆንም ወደ ምድጃው ስለዞረች ያየው የለም። ቀይ ነጥቧን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፣ ከዚያ ቁልፉን ከሰማንያ ወደ ዜሮ መለሰችው።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ላለው ነገር የተሰጠው ሥልጠና አልነበረም። «እንግዲህ» አለ፣ «ነፃ ነሽ። መሄድ ትችያለሽ።»

እሾህ ዞራ አየችው።

«የት ነው የምሄደው?» አለችው። «ቤቴ እኮ ነው። እናንተ ሂዱ።»